የቨርሊን ሦስት መቶ አርባ ልቦች

ቨርሊን ቶስትሩድ በአሜሪካ፣ በሰሜን ሚኒሶታ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዓሣ ለኪ ነበር። በየካቲት፣ ሐይቁ በረዶ ሲሆን፣ በረዶውን በስተው ዓሣ በሚያጠምዱበት ውድድር ሜትሩን የሚይዘው እሱ ነው። ሌላ ይህ ነው የሚባል ሙያ ስላልነበረው ሹመቱ ናላውን አዙሮት ነበር።

ከአጥማጆቹ ማኅበር አባላት የሚንቀው ብዙ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ግን ድዌይን ክቪስታድን። ድዌይን ዓሣ በያዘ ቁጥር ክንዱን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ፎቶ ይነሣና አጥማጆቹ ሁሉ በሚያዩት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ ጣት የምታህል ዓሣ ጥጃ ታክላለች። ይህን የማያደርግ አጥማጅ በዚያ አገር የለም፤ ቨርሊንም ያደርገዋል። የድዌይንን ግን አላልፍ አለ፤ በጥር ስብሰባ ለለኪነቱ የሚወዳደረው እሱ ነዋ!

ስለዚህ ከድዌይን ፎቶዎች ሥር ያለችውን ኮከብ ይነካል። ኮከቧ የነካውን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ታስቀምጥለት ነበር። ድዌይን ዓሣ እንደሚያጋንን ሦስት ዓመት ማስረጃ ለቀመ። ሚስቱ አርዲስ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሥራ የለህም?" ስትለው፣ "ቆይ፣ በጥር ታያለሽ" ይላታል።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው የገጹ ባለቤቶች ኮከቧን አነሷት። ሰዎች ሞቅ አድርገው እንዲመሰጋገኑ ነው አሉ። የድሮው ኮከብ ሁሉ ቀይ ልብ ሆነ፤ አጠገቡም የሰጪው ስም ወጣ። ማንንም አልጠየቁም፤ መቼ ጠይቀው ያውቃሉ! ቨርሊን ድዌይንን የሚያጋልጥበትን ንግግር ሲያጠና ሰንብቶ ገጹን አልከፈተም።

በስብሰባው ድዌይን ቀድሞት ተነሣ። ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ እንባ አቅርሮ፣ "ጓዶች፣ እኔ ይሄ ሰው የሚጠላኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሦስት መቶ አርባ ልብ ሰጥቶኛል! ለሚስቱ እንኳ የሰጣት አንድ ነው" አለ።

"እሱንም በስህተት ነው!" አለች አርዲስ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

"እውነት ዓሣዎቹን ወደሃቸው ነው፣ ቨርሊን?" አለ ሰብሳቢው።

አልወደድኩም ቢል፣ ሦስት ዓመት የሰው ፎቶ ሲሰልል መኖሩን ማመን ሊሆንበት ነው። ወደድኩ ቢል፣ ለኪው ራሱ የዓሣዎቹን ልክ አጸደቀ ማለት ነው። ፈሪ ነውና ውሸቱን መረጠ።

"ጥሩ... ጥሩ ዓሣዎች ናቸው።"

"በል እንግዲህ ምረጠኛ!" ብሎ ድዌይን እጁን ያዘው። ድምፅ ሲሰጥ የሁሉም እጅ ለድዌይን ወጣ፤ የቨርሊንም አብሮ ተነሣ።

ቨርሊን ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ አስረከበ። ድዌይንም እንደ ልማዱ ሜትሩን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ከቨርሊን ጋር ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ዛሬም ገጹ ላይ አለ፤ ሜትሩ ከቨርሊን ይበልጣል።