ሳቢሪን ጎሹን የጫነችበት ቀን

እኔ ማናልበሽ ነኝ፤ ሮቤ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ቆሎ እሸጣለሁ። ሳቢሪን ክፉ ናት የሚሏችሁን አትስሙ። ስንቱን በዓይኔ አይቻለሁ!

ሳቢሪን የደሎ መና ልጅ ናት። ሮቤ አግብታ፣ ከሴቶች ማኅበር ተበድራ ባጃጅ ገዝታ፣ የጎባን መስመር ከወንዶቹ እኩል ትሠራ ነበር። አራስ ሳለች ባሏ ጥሏት ጠፋ። ያም ሆኖ ልጇን ለጎረቤት ትታ ሥራዋን ቀጠለች። አንድ ቀን ልጇን ልታጠባ ሄዳ ጥቂት ዘገየች። ተራ አስከባሪው ጎሹ ታዲያ በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት፣ «የምታጠባ ሴት ለመንገድ አትሆንም፤ ቤትሽ ተቀመጪ!» ብሎ ከተራ አስወጣት።

«ጋሽ ጎሹ፣ ልጄን በምን ላሳድጋት?» ብላ ለመነችው። ሳቀባት።

«ወላሂ፣ ይህን ሳቅ ባላስተፋህ ሳቢሪን አልባልም» ብላ ሄደች። ባጃጇም ግቢዋ ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆመች። የቀሩትን ሴት ሾፌሮችም ጎሹ በየሰበቡ አባረራቸው።

ዘንድሮ፣ በትራንስፖርት ሴቶችን እኩል ለማድረግ የወጣው መመሪያ ምን ለውጥ አመጣ ብለው የሚለኩ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። አለቃቸው አዜብ የምትባል ወይዘሮ ናት። ጎሹ ምን ያድርግ? አንድም ሴት ሾፌር የለው! የሚስቱን እህት አስውቦ መሪ ላይ አስቀመጣት። አዜብ ፎቶ አነሳቻትና፣ «በይ እህቴ፣ ጎባ አድርሺን፤ እግረ መንገዳችንን እንጠይቅሻለን» አለቻት። ልጅቷ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ እንኳ አታውቅም። «ሆዴን አመመኝ» ብላ ወርዳ እብስ! እኔ ቆሎዬን እስክደፋ ሳቅሁ።

ጎሹ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቢሪን ቤት ሮጠ። «ዛሬን ብቻ አውጪኝ፤ ተራሽን እመልስልሻለሁ። ስለ መባረርሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» አላት።

«እሺ፤ አንተም አብረህ ግባ» አለችው። እንዳትናገር ሊጠብቃት ደስ ብሎት ገባ። እንግዶቹ ዳርና ዳር፣ እሱ መሀል ተቀመጠ።

የሆነውን ስትመለስ ነው የነገረችኝ፤ ደጋግሜ አስወርቻታለሁ። ከተማውን ሳይለቁ ጀመረችው። «እናንተ የምትቆጥሩት መሪ የጨበጠችውን ነው። የተባረርነውንስ ማን ይቁጠረን? ያባረረን ይኸው፣ መሀላችሁ ተቀምጧል» አለች። የተባረሩትን ሴቶች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራች።

«ውሸቷን ነው!» አለ ጎሹ።

«ቅድም መሪ ላይ የነበረችው ታዲያ ማን ናት?» አለች አዜብ። በዚያ ብርድ ላቡ ጠብ ጠብ አለ።

«አቁሚ፣ ልውረድ!»

«ጉም ነው፤ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አልጥልም» አለችና እንደውም ቀስ አድርጋ ነዳች።

ጎባ ሲደርሱ ዝናብ ጀመረ። ለመመለስ ተነስተው ጎሹ ሊገባ እግሩን ሲያነሳ፣ ሳቢሪን ቦታውን ልጅ ላዘለች ሴት ሰጠችው። «ሞልቷል» አለችው። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አዜብ ያየችውን ሁሉ ጽፋ ለጎሹ አለቆች ሰጠች፤ እሷ መስመሯን አገኘች፤ ጎሹ ከሥራው ተነሳ። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ላከባት። ሐጂ ቀመር መጡ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። «ልጄ፣ ሥራ ከፈታ ወዲህ ልጆቹ ተቸግረዋል። አንቺ ይቅር ካልሽው ይመልሱታል። ለአላህ ብለሽ ይቅር በይው» አሏት።

ሳቢሪን ልጇን ብድግ አድርጋ ታቀፈቻት። «ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እሱ ሲያባርረኝ ግን በድንጋጤና በረሃብ ጡቴ ደረቀ። ይቺ ደረቅ ጡት እየጎተተች ስታለቅስ ማን መጣልኝ? የእሱም ልጆች የእሷን ያህል ያልቅሱና ያኔ ይምጡ» አለች።

ሐጂ ተነስተው ወጡ።