ይሉኝታ የማያውቀው የቼዝ ማሽን

አባቴ ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከዛለ ወዲህ ዲላ ውስጥ በቼዝ የሚያሸንፈው ሰው ጠፋ። ጨዋታው ተሻሽሎ እንዳይመስላችሁ! ሊጠይቀው የሚመጣ ሁሉ ሆን ብሎ ይሸነፍለታል። አብሮት ሲያስተምር የኖረ፣ በጤናው ጊዜ አንዲት ወታደር እንኳ በነፃ ሰጥቶት የማያውቅ ጓደኛው ከገደብ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ መጥቶ ንግሥቱን እንደ ጉርሻ አቀረበለት። ከዚያ «ቲቸር፣ ዛሬስ ጉድ ሠራኸኝ!» ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ በንዴት እጦፋለሁ። ሰውየው ታመመ እንጂ አልጃጀም፤ ሁሉም ይገባዋል።

«አንድ ቀን እንኳ የእውነት ባሸንፍ» ይለኝ ጀመር። ጭንቅላቱ ደህና መሆኑን ማወቅ ነው የፈለገው። ሐኪሙ ቢነግረው አያምንም።

ስለዚህ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን የቼዝ ኮምፒውተር አወረድኩት። ድሮ አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደው ነው። ስክሪን የለው፣ ኢንተርኔት የለው። ጠጠሩን ካሬው ላይ ጫን ስታደርጉት ጢጥ ይላል፤ መልሱን በትንንሽ ቀይ መብራቶች ያሳያል። መብራት በሄደ ቁጥር ጨዋታው ድራሹ ይጠፋል፤ እዚህ ደግሞ መብራት መቼ ውሎ አድሮ ያውቃል! ተቃጥዬ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ አጎረስኩት።

ይሉኝታ ግን አያውቅም። አምስተኛው ደረጃ ላይ አድርገነው አባቴን በየቀኑ ይቀጠቅጠዋል። አባቴም ተሸንፎ፣ ተሳድቦ፣ በግራ እጁ እንደገና ይደረድራል። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እናቴ ናት ያልቻለችው። «ይሄ ክፉ ዕቃ ሊገድለው ነው» ትላለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቤቱ በእልልታዋ ቀልጧል። አባቴ አሸንፏል! ልቤ ዘሎ ማሽኑን ባየው፣ የደረጃው መብራት ከአምስተኛው ወርዶ አንደኛው፣ ቀላሉ ላይ በርቷል።

እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋት።

«አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? አንድ ቁልፍ ነው የነካሁት። አንድ ቀን ደስ ቢለው ምን አለበት?»

«ኧረ እማዬ፣ በፈጠረሽ! እሱን እኮ ነው የማይፈልገው!»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል።»

ተመልሼ ስገባ አባቴ ጠጠሮቹን መደርደር ትቶ ማሽኑን ትክ ብሎ ያየዋል።

«ይሄም» አለ፣ «መታመሜን ሰማ መሰለኝ።»