የአንድ ሰው ድስት

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ስትመጣ እኔን ከመሳሟ በፊት ድስቴን ትከፍታለች። ክዳኑን በሁለት ጣቷ ታነሳና አፍንጫዋን ታስጠጋለች። ከዚያ እንጀራዬን የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገለጥ ታደርጋለች። ቀጥላ የምድጃውን ገመድ ከሶኬቱ ጀምራ እስከ ታች በዓይኗ ትከተለዋለች። ይሄን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማዬ፣ ከስተሻል» ትላለች።

አልከሳሁም። ቀሚሴ ድሮም ሰፊ ነው።

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ላንቻ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ባሌ ቤቱ ሲፈርስ ሳያይ ሞተ። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ አግብታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። ክፍሌ ጠባብ ናት። አልጋዬ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃዬ፣ በቃ። ግን ማታ በሩን ከውስጥ የምቆልፈው እኔ ነኝ፣ ጠዋት የምከፍተውም እኔ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ በር አልነበረኝም።

መጀመሪያ ላይ ማበላሸቴ እውነት ነው። ካዛንቺስ ሳለን ባሌ፣ የባሌ ወንድሞች፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ፣ ሁሉም የሚበላው ከእኔ ድስት ነበር። እጄ የለመደው ያንን ነው። ብቻዬን የገባሁ ሰሞን ምስር ልሥራ ብዬ ተነሳሁና ሳላስበው ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ሠራሁ። ማቀዝቀዣ የለኝም። ጠዋት ማታ እያፈላሁ አቆየሁት። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሳይመጣ አደረና ምስሩ አረፋ አወጣ። መድፋት አቃተኝ። ምግብ ደፍቼ አላውቅም። በላሁት፣ ሆዴን ይዤ ተኛሁ፣ ልጄም መጥታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ሐኪሙ ፊት፣ «ለራሷ ማብሰል አትችልም» አለች። እኔን! ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ አብስዬ ያሳደግኳት እኔን!

ከዚያ በኋላ በእልህ ተማርኩ። ቡልጋሪያ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ዕቃ ከሚሸጥ ልጅ፣ ሁለት መዳፌ ላይ የምትቀመጥ ድስት ገዛሁ። «እማማ፣ ይቺ እኮ ለሕፃን ገንፎ ናት» ብሎ ሳቀብኝ። «አንተ ምን አገባህ» አልኩት። ሽሮውን በቡና ስኒ እሰፍራለሁ፤ አንድ ሙሉ ስኒ ለአንድ ሰው ምሳ ይሆናል፣ ከዚያ ካለፈ ትርፍ ነው። ሽንኩርቱን ግማሹን ከትፌ፣ ሌላውን ግማሽ የተቆረጠበትን ፊት ሳህን ላይ ደፍቼ አቆየዋለሁ፤ በማግስቱ ለድንች ይሆናል። ዘይት ከጠርሙሱ አላንቆረቁርም፣ በማንኪያ ነው። ምስርና አተር ስሠራ ለራት እንዲተርፈኝ አድርጌ ነው፤ የተረፈውን ከነድስቱ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቆመዋለሁ፣ እስከ ማታ አይበላሽም። የደረቀ እንጀራ የጠዋት ፍርፍር ነው። ምድጃዬን ስጨርስ እነቅላለሁ፤ ገመዱን በእጄ ጀርባ ዳስሼ ሞቆ ካገኘሁት እስኪቀዘቅዝ ከቤት አልወጣም። አንዳንዴ የግቢው በር ላይ ደርሼ እመለሳለሁ። ባልነቅለውስ? ጎረቤት ቢቃጠልስ?

ልጄ ግን ትንሿን ድስት ከፍታ፣ «ይሄ ምግብ ነው?» ትላለች። በትልቁ ስሠራ አባካኝ ነኝ፣ በትንሹ ስሠራ ረሃብተኛ።

ምክንያቷን አውቀዋለሁ። ሠራተኛዋ ጥላት ከሄደች ወዲህ ነው ስለ እኔ መክሳት እንቅልፍ ያጣችው። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው እማዬ፣ ማለቴ ብቻሽን ሪስክ ነው፣ በቃ እኔ ጋ ነይ» ትለኛለች። እሷ ጋ ምን እንደሚጠብቀኝ በዓል ሰሞን ሄጄ ሰንብቼ አይቻለሁ። ልጆቹን ሳለብስ፣ ሳበላ፣ ስከለክል እውላለሁ፤ እነሱ ማታ ከሥራ ሲገቡ ራት አቀርባለሁ፤ ከልጆቹ ጋር ተጣብቄ እተኛለሁ። ባሏ ወጡን ቀምሶ፣ «ጨው በዝቷል» ይላል። የሚናገረው ለእሷ ነው፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ልጄን የናፈቀቻት እናቷ አይደለችም፣ ሠራተኛዋ ናት።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ከግቢው ቧንቧ ውሃ ስቀዳ አከራዬ መጣች። በዕድሜ ብዙም አትርቀኝም፣ «እማማ» ስትለኝ ደስ አይለኝም።

«እማማ፣ ወሩ ሲያልቅ የሚወጡት በጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ወዴት ነው የምወጣው?»

«ልጅዎ ጋ ነዋ! ደውላልኝ የለ እንዴ። እኔም ክፍሏን ለእህቴ ልጅ ልሰጥ ነው።»

«ተከራይሽ እኔ ነኝ ልጄ ናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናትና ልጅ ተነጋገሩ። ዛሬ መጥቼ ዕቃዋን እሸክፋለሁ ብላኛለች። ማታ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ይፈስ ነበር። ክፍሌ ገባሁና በማንኛውም ቀን የማደርገውን አደረግኩ። ለነገ የሚሆን ሽምብራ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ሽሮዬን ጣድኩ። ዱቄቱን በስኒ ሰፍሬ መልሼ ለካሁት፣ እንዳይበዛ።

ልጄ የገባችው ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር ነው። የታጠፉ ማዳበሪያዎች በብብቷ ይዛለች። ድስቱን ከፈተች።

«አሁንም ሽሮ?»

«ረቡዕ ነው።»

«ሐሙስም ያው ነሽ። ሰው እንዴት ይሄን እየበላ ይኖራል?»

«አንቺ ምን በልተሽ አደግሽ?»

«እንዳትጀምሪኝ እማዬ። አከራይሽን አናግሬያታለሁ።»

«ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን እስካሁን አልሸከፍሽም?»

ምድጃውን ነቀልኩ። ሳህኔ ላይ አንድ እንጀራ ዘረጋሁ፣ ሽሮውን ገለበጥኩበት፣ እጄን ታጠብኩና ተቀመጥኩ።

ሽሮ ሰው ሲመጣ የሚበዛ ምግብ ነው። ውሃ ጠብ፣ ዱቄት ብትን ይደረግበታል፣ የመጣው ሁሉ ይበላል። ካዛንቺስ ስኖር ስንቴ እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። ዱቄቱ አጠገቤ ነበር፣ ውሃውም። አልነካኋቸውም።

ጎረስኩ። «እንብላ» አላልኩም።

ሰው ፊት ሳልጋብዝ በልቼ አላውቅም። ቤት ተሳስቶ በር ለሚያንኳኳ እንኳ እላለሁ። እሷ ደግሞ ልጄ ናት። ሕፃን ሳለች የመጀመሪያው ጉርሻ የእሷ ነበር፤ እኔ መጨረሻ ላይ የድስቱን ቂጥ በእንጀራ ጠርጌ እበላለሁ። ከሥራ አምልጣ እንደመጣች፣ ምሳም እንዳልበላች አይቻለሁ። ሲርባት የታች ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ነከሰችው። ዓይኗ ከሳህኑ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ ሳህኑ ይሄዳል። ሁለተኛ ጎረስኩ።

«እማዬ፣ እንብላም አትይኝም?»

«የአንድ ሰው ነው።»

«ምን?»

«ለአንድ ሰው የሠራሁት ነው። ለራሷ ማብሰል አትችልም አላልሽም? ይኸው ቻልኩ።»

«በምግብ ነው እንዴ የምንጣላው? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«በክፍሌ ነው የተጣላሽኝ። ሰውም ይስማ።»

ማዳበሪያዎቹን አልጋዬ ላይ ወረወረቻቸው። «ልጆቹን ማን ጋ ልተዋቸው ታዲያ? ንገሪኝ! አለቃዬ በየቀኑ ይጮህብኛል፣ ባሌ ይጮህብኛል፣ ጨነቀኝ እኮ!»

«እሱን ነበር መጀመሪያ መናገር፣ ከስተሻል ከምትይኝ» አልኳት። «ያኔ እመጣ እንደሆነ እንጃ። አሁን ግን አልመጣም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ የግቢው በር ከኋላዋ ተላተመ። የቀረውን ምግብ ጨረስኩት። ቢተርፍ ኖሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፍታ ታየው ነበር። ማዳበሪያዎቹን አጣጥፌ አልጋው ስር ከተትኳቸው፣ ከምድጃው አርቄ።

ማታ አከራዬ በሬ ላይ ቆመች። «እሺ እማማ፣ ቁርጡ ምን ሆነ?»

«ሽምብራ ዘፍዝፌያለሁ» አልኳት።

«ምን አሉኝ?»

«የነገ ምሳዬ ነው። እዚሁ ነው የምበላው። ለእህትሽ ልጅ ሌላ ቤት ፈልጊላት።»

አንገቷን አስግጋ ጎድጓዳ ሳህኑን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። «ለልጅዎ ይንገሯት እንግዲህ፣ እኔ ጋ እንዳትደውል» ብላ እያጉረመረመች ሄደች። በሬን ከውስጥ ቆለፍኩ። ሽምብራው ውሃውን ጠጥቶ አብጧል፤ ጨመርኩለት።