ከሽንዲ በታች ያለው ስንጥቅ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ የተነሣነው በወረራው ሦስተኛ ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጤፍ ተወቅቶ ባለቀበት ሰሞን ነው። ሲኞር ካርሎ የሚባል ጣሊያናዊ የድንጋይ ሊቅ ወደ ዓባይ ለሚወርደው መንገድ መሬቱን ሊመረምር መጣ፤ እኔም አስተርጓሚው ሆንሁ። ቋንቋውን የለመድሁት ምጽዋ ወደብ ሸክም ስሸከም ነው። በጠላት ደመወዝ ማደሬን ብዙ ሰው ጠልቶብኛል፤ እውነቱን ነው። የሄድሁት ግን ለእኅቴ ለዓለምነሽ ስል ነበር። ያገባችው ከሽንዲ በታች ካለ የወንበርማ መንደር ነው። መንደሯ ተቃጠለ የሚል ወሬ ከሰማሁ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ያለ ጣሊያን የይለፍ ወረቀት ደግሞ ከከተማው ምሽግ ማዶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

አስካሪ የሚባሉ ስምንት የቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ አንድ ጣሊያናዊ አለቃቸውና አራት በቅሎዎች አብረውን ነበሩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሳ ታጭዷል፤ ክምር ግን የለም። እህሉን ገበሬው ደብቆታል ወይም ወታደር ወስዶታል። በየደጁ የቆመ ሰው ሲያየን ወደ ቤቱ ይገባል።

ሁለተኛው ቀን፣ ቡሬ

የቡሬ ገበያ ግማሹ ባዶ ነበር። ሻጮቹ የጣሊያን ሊራ ሲያዩ እህላቸውን ይሸፍናሉ፤ የሚቀበሉት የማርያ ትሬዛን ብር ብቻ ነው። ቁራሽ ዳቦና አንድ ዋንጫ ጠላ አግኝቼ ቆሜ በላሁ። እዚያው መንገድ መሪ ሰጡን። አያ ቢሻው ይባላሉ፤ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ገበሬ ናቸው። እስከ ዓባይ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ ስለሚያውቁ ጭቃ ሹሙ አስገድዶ ነው ያመጣቸው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ፍል ውሃ ዘንድ ሲኞር ካርሎ የሙቀት መለኪያውን ነከረና ፊቱ በራ። የሚናገረውን እየተረጎምሁ ለአያ ቢሻው ነገርኋቸው።

«የምንረግጠው የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም» አለ። «ትላልቅ ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት። ዓረቢያና አፍሪካ አንድ ምድር ነበሩ፤ ተለያዩና በመካከላቸው ቀይ ባሕር ገባ። ይህ ደጋም ከሥር በመጣ ሙቀት ተገፍቶ ነው ከፍ ያለው። በስንጥቁ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ረግቶ ይህ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ዓባይ ደግሞ ከፍ ያለውን መሬት እየቆረጠ ወረደ።»

አያ ቢሻው ድንጋዩን በብትራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «መሬቱ ወዶ ነው የሚለያየው ወይስ ገፊ አለው በልልኝ።»

ጠየቅሁት። «ገፊ አለው፤ ግን አይታይም» አለ።

«የመሬቱስ አይታይም» አሉ አያ ቢሻው ወደ አስካሪዎቹ እያዩ። «የእኛው ይታያል።»

ይህን አልተረጎምሁትም። በኋላ መምህር ስሆን ያ ሰው የነገረኝን በትምህርት መጽሐፍ አገኘሁት፤ ቁርጥራጮቹንም ፕሌት ይሏቸዋል። በዚያ ዘመን ግን ከራሱ ወገን ሊቃውንት ብዙዎቹ እንደሚስቁበት ነግሮኝ ነበር።

አራተኛው ቀን፣ ከሽንዲ በታች

ከሽንዲ ወደ ቆላው ስንወርድ የእኅቴን መንደር አለፍን። ግድግዳ እንኳ አልቀረም፤ ጥቁር ምሰሶና የተሰበረ ጎተራ ብቻ ነው። አለቃው ሰዓቱን አየና ቶሎ በሉ አለ። እኔ ግን ከጎተራው አጠገብ ቆምሁ።

የእኅቴን ነገር በመንገድ ነግሬያቸው ነበርና አያ ቢሻው የበቅሎ ጭነት የሚያስተካክሉ መስለው ጠጋ አሉኝ። «እኅትህ አለች። ልጆቿም አሉ። ከማዶ ገደሉ ላይ የድንጋዩ ስንጥቅ ሰፍቶ ዋሻ ከሆነበት ገብተዋል፤ ሠላሳ ነፍስ ይሆናሉ። ወደዚያ እንዳታይ።»

ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ከማዶው ጥቁር ድንጋይ መካከል ቀጭን ጭስ ሲወጣ ታየ። አለቃው መነጽሩን አነሣ። «ምንድን ነው ያ?»

ማንም ሳይቀድመኝ «የፍል ውሃ እንፋሎት ነው» አልሁ።

አለቃው መነጽሩን አወረደ። ሲኞር ካርሎ ግን ብድግ አለ። «ፍል ውሃ? እዚህ? እንግዲያው ስንጥቁ ከቡሬ እስከዚህ ይዘልቃል ማለት ነው! አሁኑኑ መለካት አለብኝ።»

ገደል ነው፣ መንገድ የለውም ብዬ ለመንሁት። አልሰማኝም። ላድናቸው ብዬ ዋሻው ውስጥ ባሉት ሰዎች ላይ ወታደሩን መራሁባቸው። አያ ቢሻው ዐይን ዐይኔን አዩኝ፤ ቁጣ አላየሁባቸውም። «መንገዱን እኔ አውቃለሁ በለው» አሉኝ።

በረጅሙ አዞሩን። እየወረድን በቅሎዋ ላይ በኃይል ይጮኻሉ፦ «ውጪ! ልጆችሽን ይዘሽ ውረጅ! ምን ትጠብቂያለሽ?» በቅሎ ልጅ የላትም። አንድ አስካሪ ገልመጥ አደረጋቸው፤ አማርኛ ይሰማል። አለቃውን ሳይጠራ ፊቱን መለሰ።

ስንደርስ ዋሻው ባዶ ነበር። ሦስት ጉልቻ፣ የፈሰሰ የገብስ ቆሎ፣ የሕፃን ማቀፊያ ጨርቅ። አለቃው አመዱን በእጁ ነካ፤ ትኩስ ነው። «ይህ ነው ፍል ውሃህ?» አለኝ።

አያ ቢሻው «ምን አለ?» አሉ። ነገርኋቸው።

«ፍል ውሃ ነው ብሎ የነገረኝ ይህ ሽማግሌ ነው በለው።»

«አያ፣ እንዴት ብዬ?»

«ተርጉም። እኔ ስድሳ ዓመት ኖሬያለሁ። አንተ እኅትህን ገና አላገኘሃትም።»

ተረጎምሁት። በሕይወቴ እንዲያ አጥርቼ የተረጎምሁት ቃል የለም። አለቃው እዚያው ዋሻው አፍ ላይ በሽጉጥ ገደላቸው። ሲኞር ካርሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ከቆይታ በኋላ ደብተሩን አውጥቶ ስንጥቁ ወደየት እንደሚያቀና ጻፈ። እኔና ያ አስካሪ በድኑ ላይ ድንጋይ ከመርን።

መመለስ

ቡሬ ስንደርስ የሟቹን ባለቤት እትየ ጥሩወርቅን ፈልጌ ገባሁ። ከደጃቸው ተንበርክኬ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው።

«ሰዎቹ ወጡ?» አሉኝ።

«ወጥተዋል፣ እትየ።»

«ያችን ቃል የተረጎምኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲያው ለቄሱም አንተ ንገርልኝ። እኔ አፌ እሺ አይለኝም።» ሄጄ ነገርሁ፤ ፍትሐት ተደረገላቸው።

ፍኖተ ሰላም በገባሁ ማግስት ወረቀቱን ለጣሊያኑ መለስሁና አስተርጓሚነቱን ተውሁ። ከዚያ ጉዞ የተማርሁት ይህን ነው፦ ተራራ የሚያነሣውንና ባሕር የሚከፍተውን ኃይል ማንም በኃጢአት አይከሰውም። እኔ ግን በአንድ ቃል ሠላሳ ሰው ለሞት አጋለጥሁ፤ በሌላው ቃል አንድ ሰው ሰጠሁ። ይህን በመሬት ላይ ላሳብብ አልችልም።

ጠላት ከወጣ በኋላ ዓለምነሽ ሁለት ልጆቿን ይዛ ደጄ መጣች። ሳትቀመጥ «ያን ቀን ከእናንተ ጋር በቅሎዋ ላይ ይጮኽ የነበረው ሰው ማን ነው?» አለችኝ። ሁሉን ነገርኋት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ለአያ ቢሻው ሙት ዓመት ቡሬ የምንሄደው ሁለታችንም ነን።