የጋሻው የክርስትና ስም

በ1970 ዓ.ም. ክረምት ሠርካዲስን ያብሰለሰላት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ማልቀስ የተከለከለች እናት እንዴት ታልቅስ?

የጎረቤቷ የእትዬ ቦሰና ልጅ ጋሻው ተገድሎ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ቀበሌው ድንኳን አይተከል፣ ጥቁር አይለበስ፣ የለቅሶ ድምፅ አይሰማ አለ። ዕድሩም እሺ አለ! ያ ሁሉ አባል ያለው ዕድር አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ ሳያወጣ ቀረ። ሠርካዲስ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያን ሰሞን መርፌ በተሰበረባት ቁጥር የምትረግመው ዕድሩን ነበር።

የልደታ ማኅበርተኞች ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ የሞቱትም ይታሰባሉ። ተራው የሠርካዲስ በሆነ ጊዜ፣ ገና ዳቦው ሲቆረስ ብድግ አለች።

“ጋሻውን ነፍስ ይማር በሉ እንጂ! አፋችሁን ምን ለጎመው?”

ሁሉም አቀረቀሩ። እትዬ ቦሰና ግን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ሠርካዲስም ፍቅር ማለት ይኸው ነው ብላ ኮራች።

በማግስቱ የቀበሌ ጠባቂዎች መጥተው እትዬ ቦሰናን ወሰዷቸው። “ለፀረ አብዮተኛ አልቅሰሻል” ተብለው ሦስት ቀን ታሰሩ። ሲመለሱ እግራቸው አብጦ ነበር።

ሠርካዲስ በንዴት ወደ ንስሐ አባቷ፣ የማኅበሩም ቄስ ወደሆኑት ወደ አባ ወልደአማኑኤል ሄደች።

“የጠቆመችው ትርፌ ናት፣ አባ! አብራን ማኅበር እየጠጣች! ሄጄ ጸጉሯን ካልነጨሁ…”

“ጸጉሯ የትም አይሄድ። ያን ቀን የጮኽሽው ለቦሰና ነው ወይስ ለንዴትሽ?”

“ለእሳቸው ነዋ!”

“የታሰረችው ግን እሷ ናት። አንቺ ይኸው እኔን ትቆጪያለሽ።”

“ታዲያ ዝም ልበል?”

“ዝም በይ ማን አለሽ? ውደጂ፤ ግን እያስተዋልሽ ውደጂ። ለመሆኑ፣ ለሙት ስንጸልይ በየትኛው ስም ነው የምንጠራው?”

እዚህ ላይ ነገሩ ፍንትው አለላት። ክርስቲያን ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ሰፈር የሚጠራው፣ ሌላው ሲጠመቅ የተሰጠው። ጸሎት የሚደረገው በሁለተኛው ነው። በቀበሌው መዝገብ ላይ ጋሻው እንጂ ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው የለም። ትርፌም አታውቀውም። ሠርካዲስ ግን ይህን ልማድ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ንዴቷ ጋረዳት እንጂ!

በሚቀጥለው ወር አባ ወልደአማኑኤል ከሌሎች ሙታን መካከል “ገብረ ሥላሴ” ብለው ጠሩ። እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶችም የየራሳቸውን ሙት ያሰቡ መስለው አብረዋቸው አለቀሱ። ትርፌ እንኳ ጮክ ብላ “አሜን” አለች።

የሠርካዲስ ንዴት አልበረደም፤ ለምን ይብረድ? ልጅ ገድሎ እንባ የሚከለክል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አሁን ግን ከመናገሯ በፊት “ይህ ማንን ይጎዳል?” ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ትርፌንም ሰላም ትላታለች፤ ሚስጥር ግን አትነግራትም። ልጅ የሞተባቸውን እናቶች አንድ በአንድ እያገኘች የክርስትና ስም ትጠይቃለች። ወረቀት ላይ አታሰፍርም፤ በቃሏ አጥንታ በልደታ እንዲጠሩላት ለአባ ትነግራለች። እስካሁን አሥራ አንድ ሆነዋል።

አሥራ ሁለተኛው አስቸግሯታል። የሰንጋ ተራዋ ደሚቱ የተገደለባት ያሳደገችው የእህቷ ልጅ ነው፤ የክርስትና ስሙን አታውቅም። እናቱ ቀደም ብላ ሞታለች። የሚያውቀው የክርስትና አባቱ ብቻ ነው፤ እሱም ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው አሉ። ሠርካዲስ ዛሬ ነጠላ የምታሠራ መስላ፣ ሸማኔውን ከቤት ቤት እያጠያየቀች ነው።