ከአይላ የሰረቅኳቸው ዓመታት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። እኔ ሰላም፣ እዚህ ኮሎምበስ ከተማ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራው፣ ማይክሮፎን ይዤ በሰው ፊት የአንዲትን ሴት የዕድሜ ልክ ልፋት ሰርዣለሁ። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሴትየዋ አይላ ትባላለች፤ የፊንላንድ ልብ ወለድ ደራሲ ናት። ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር የምትኖር እህቷን ልትጠይቅ መጥታ ሳለ፣ ሬይኖልድስበርግ ያለው የሴቶች የንባብ ቡድናችን ጋበዛት። እሷ በእንግሊዝኛ ስትናገር እኔ ወደ አማርኛ አስተረጎምኩ። የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ መሆኗን፣ ሐይቅ ዳር ማደጓን እየሳቀች አጫወተችን። እስከዚህ ድረስ አንድም ቃል አላጎደልኩም።

ከዚያ እትዬ ዘይነብ እጃቸውን አወጡ። የደሴ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የሆቴል አንሶላ ያጥባሉ። ጉልበታቸው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ደብተር አስቀምጠዋል።

«ሰላምዬ፣ እስቲ ጠይቂልኝ፤ መጻፍ የጀመሩት በስንት ዓመታቸው ነው?»

አይላ የመለሰችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እንደጀመረች ነው። ሃያ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ እየለየች ጽፋለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መጻሕፍት ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም፤ ሰው ያወቃት በአራተኛው ነው።

እኔ ግን ደብተሩን አየሁና፣ «በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው የጀመርኩት ትላለች» አልኩ። አልበቃኝም። «የመጀመሪያው መጽሐፏም ወዲያው ተወደደላት።» አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። አይላም ለምን እንደተጨበጨበላት ሳታውቅ ፈገግ አለች። ለምን ዋሸሁ? ለእትዬ ዘይነብ አስቤ ነው? ወይስ ጭብጨባው አምሮኝ? ሁለቱም ነው።

ከዚያ የመጣው የማይገባኝ ደስታ ነው። በሳምንቱ እትዬ ዘይነብ «አንድ ገጽ ሞላሁ» ብለው ቴክስት አደረጉኝ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው የጻፉትን በቮይስ ሜሴጅ ያነቡልኝ ጀመር። ሁለት የተኳረፉ ባልና ሚስትን ያኔ በስልክ መስመራቸው ገብተው ያስታረቁበትን ስሰማ፣ ክሊኒኩ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሥራ እንኳ አረፈድኩ።

በሦስተኛው ዓመት ልጃቸው ሃያት መጽሐፉን አሳተመችላቸው። በምረቃው ቀን፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ልናዘዝላቸው ቀረብኩ። ቀደሙኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ነው» አሉኝ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«አይላ የጀመሩበት ዕድሜ። ሃያት መጽሐፋቸው ጀርባ ላይ ያለውን ታሪካቸውን አነበበችልኝ። ቆየ እኮ፤ ገና አሥር ገጽ ሳልሞላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ። በውሸትሽ ጀመርኩ፤ አልክድሽም። መሃል ላይ ብዕሬ እምቢ ሲለኝ ያቆየኝ ግን ሌላው ነው። ሦስት መጽሐፍ ማንም ሳያነብላቸው ቀርቶ እንኳ አራተኛውን ጻፉ። እሱን ነበር መንገር የነበረብሽ።»

አቅፈውኝ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ግን በሳቃቸው ልሸሸግ? መጨረሻው አማረ ብዬ ነፃ ልውጣ? አልወጣም። የደበቅኩት እኮ የሚጠቅመውን ነው። በዚያ ቀን ከተቀመጡት ሴቶች መካከል፣ የመጀመሪያ ጽሑፏ ወዲያው ስላልተወደደላት ብዕሯን ያስቀመጠች ብትኖርስ? አንቺ ካለሽ ስሚኝ። አይላ የጀመረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሦስት ጊዜ አልተነበበችም፤ አራተኛውንም ጻፈች። ደብተርሽን አውጪ፤ እኔንም ይቅር በይኝ።

ይህን እንደጨረስኩ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ ለአይላ እልካለሁ። በዚህኛው አንዲት ቃል አልለውጥም።