ወጀት ወራጅ

ልጅ እያለሁ ወጀት የምትባል ከተማ ነበረች። አባባ የምንላቸው አያቴ ለገበያም ለአቤቱታም የሚሄዱት ወጀት ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ ፍኖተ ሰላም የምትባል የዞናችንን ከተማ ሸምድደናል፤ ትርጉሟ የሰላም መንገድ ነው፣ ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ ያወጡላት ስም ነው ይባላል ብለን። ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። አባባ እንደሆኑ አዲሱን ስም ባፋቸው አያዞሩትም፤ «ሰውም አገርም ክርስትና የሚነሣ አንዴ ነው» ይሉ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ሆዷን ታመመችና አክስቴ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። በሦስተኛው ቀን መልእክት መጣ፤ በማግስቱ ከሰዓት ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፣ ከመግባቷ በፊት እኔን ማየት ትፈልጋለች። ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። አዝመራው አውድማ ላይ ስለነበር አባባ ከቡሬ መናኸሪያ አላለፉም። መኪና ላይ አሳፍረውኝ፣ «ወጀት ስትደርሺ ውረጂ፤ አክስትሽ መንገድ ዳር ትጠብቅሻለች» አሉኝ።

ረዳቱ የት እንደምወርድ ጠየቀኝ። ወጀት ስለው የሌላ አገር ሰው ነበር መሰል ግራ ገባውና፣ «ስንደርስ ንገሪኝ» ብሎኝ አለፈ። መኪናው የበርበሬ ጆንያ ስለጫነ ሁላችንም እናስነጥስ ነበር። ማንኩሳን አልፈን አንድ ትልቅ ከተማ ገባን። «ፍኖተ ሰላም ወራጅ» ሲባል ግማሹ ሰው ወረደ። እኔ ጎበዟ የከተማዋን ስም ከሰሌዳ ላይ አንብቤ፣ ማንበቤም ደስ ብሎኝ፣ ወጀትን ልጠብቅ ቁጭ አልኩ። አክስቴ ያን ሰዓት መንገድ ዳር ቆማ ወራጁን ሁሉ ፊት ፊቱን ታይ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

መንገዱ ረዘመብኝ። ልጅ በትልቅ ሰው መሀል አይናገርም ተብዬ ስላደግሁ መጠየቅም ፈራሁ። ጅጋ ስንደርስ ግን አላስቻለኝም፤ አጠገቤ የተቀመጡትን የበርበሬ ነጋዴ፣ «እማማ፣ ወጀት ገና ነው?» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ትኩር ብለው አዩኝ። «ውይ ልጄን፣ ወጀትማ ፍኖተ ሰላም አይደለች? አልፈናት መጣን እኮ።»

እናቴ እዚያ ሐኪም ቤት ተኝታ እንደምትጠብቀኝ ስነግራቸው መኪናውን አስቁመው አብረውኝ ወረዱ። ጆንያቸው ብቻውን ወደ ደምበጫ ሄደ። የሚመለስ መኪና እስኪገኝ ፀሐይዋ ካናታችን አለፈች። ሴትዮዋ እጄን እንደያዙ፣ «አላህ ያውቃል፣ ትደርሻለሽ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ሳታየኝ ብትሞትስ ከሚለው በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ስደርስ ገብታለች። አክስቴ የተዘጋው በር ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ያን ቀን የጠበቅሁትን ያህል በሕይወቴ ጠብቄ አላውቅም። ተመስገን፣ እናቴ በሰላም ወጣች። ስትነቃም አልተቆጣችኝም፤ «ቀረችብኝ ብዬ ነው የገባሁ» ብቻ አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ካረፉ ቆዩ፤ ወጀት የሚል ሰውም እያለቀ ነው። ዛሬ ልጄ መንገድ ስትወጣ ስልኳ የየመንደሩን ስም ያሳያታል። እኔ ግን አሮጌውንም አዲሱንም ስም እየደረደርኩ አሰለቻታለሁ፤ ደርሻለሁ ብላ እስክትደውልም እህል አይዋጥልኝም። «እማዬ፣ ስልኬ ያውቀዋል እኮ» ብላ ትስቅብኛለች። አልፈርድባትም፤ ሰው የሚጠፋው በማያውቀው አገር ይመስላታል። እኔ የጠፋሁት እናቴ የተኛችበትን ከተማ ስም እያነበብኩ ነው።